የመስታወቱን ክፍል ከመሥራትህ በፊት

ጥያቄ፦ «ሰላም ላንተ ይሁን። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ባርና ሬስቶራንት አለኝ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ከፊሉ በሸራ ተሸፍኗል። ቤት ውስጥ ባንኮኒውና የተወሰኑ ጠረጴዛዎች አሉ። ቤት ውስጥ እንዳታስጨስ ተብዬ ተነግሮኛል። ማታ ከሚመጡት ደንበኞቼ ግማሹ ያጨሳል። ከእኔ አለፍ ብሎ ያለውን መቃሚያ ቤት ግን ማንም ዝር አይልበትም። አንድ ጓደኛዬ ‹ጥጉን በመስታወት ለይተህ ኃይለኛ ማራገቢያና ኤሲ ግጠምበት፣ አጫሾቹ እዚያ ይግቡ› ይለኛል። ብሩን አዘጋጅቻለሁ። ያዋጣኛል? ክልከላውስ ገበያዬን አይገድለውም? ደግሞስ ባሩ የኔ፣ ሲጋራው የሱ፣ ሁላችንም አዋቂዎች ነን። ሌላውን ምን አገባው?»

ምላሽ፦

ከጥያቄህ መሃል ልነሳ። ለመስታወቱ ያዘጋጀኸውን ብር አትንካው። ክፍሉን ሕጉ አይፈቅድልህም፤ ቢፈቅድልህም ጭሱን አይዝልህም። ጓደኛህ የሰጠህን ምክር ድሬ ውስጥ ብዙ ሰው ሲሰጥ ስለምሰማ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ። ሙያዬ የአካባቢና የሥራ ቦታ ጤና ነው። በድሬ ወግ «አንተ» እያልኩ ብጽፍልህ ደግሞ አትቀየመኝም።

ሕጉን ቶሎ ልጨርሰው። ነገሩ ያለው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ውስጥ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ይባላል። ሰዉ ይህን አዋጅ የሚያውቀው የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ በማስወጣቱ ነው። የትምባሆው ክፍል ግን ከዚያ የሚያንስ አይደለም። ሰው የሚሠራበትም ሆነ ሕዝብ የሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ባር፣ ሬስቶራንት፣ ሆቴል፣ ናይት ክለብ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለአጫሽ ተብሎ የሚከለል ክፍል የለም። ውጭም ቢሆን ከበር፣ ከመስኮትና ከአየር ማስገቢያ 10 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጭራሽ አይሸጡም። ስለዚህ መስታወቱ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚያየው ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው ነው። አፍርስ ትባላለህ።

ሸራውም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 ጸድቋል (ከዚህ ወዲያ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ኢትዮጵያ በ2004 ፈርማ በ2014 አጽድቃዋለች። አንቀጽ 8 ስለ ጭስ ነው። አንቀጹን ለማስፈጸም በ2007 የወጣው መመሪያ ጣሪያ ያለው ወይም በአንድ ጎኑ እንኳ የተከለለ ቦታ ሁሉ እንደ ቤት ውስጥ እንዲቆጠር ይመክራል። ቆርቆሮ ይሁን ሸራ፣ ቋሚ ይሁን ለዝናብ የተወጠረ፣ ልዩነት አያደርግም። አንተም ከሸራው ሥር ያለውን ቦታ እንደ ቤት ውስጥ ቆጥረህ ተነሳ። ኋላ ከመከራከር ያድንሃል።

አሁን ወደ ጭሱ። ስለ ሲጋራ ጭስ ስናወራ ቶሎ የሚታየን ከአጫሹ አፍ የሚወጣው ነው። ክፍሉን የሚሞላው ግን በአብዛኛው መተርኮሻው ላይ ተቀምጦ ብቻውን የሚነደው ነው። የሌሎች ሰዎችን ሲጋራ ስንተነፍስ ከምንስበው ውስጥ 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከዚያች ጫፍ የሚመጣ ነው። ሰውየው ወሬ ይዞት ሲጋራውን ይረሳዋል፤ ሲጋራው ግን መንደዱን አያቆምም። ይህኛው ጭስ በፊልተር አላለፈም። የሚነደውም ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ በደንብ አልተቃጠለም። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር ያመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም የሌላ ሰው ጭስ መተንፈስን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ ከመደበው ቆይቷል።

ድሬ ላይ ማራገቢያ የሌለው ባር አላውቅም። ሙቀቱ አያስቀምጥም። የጣሪያ ማራገቢያ ግን አየር አያወጣም፤ ያለውን ያዞራል። ካላመንከኝ ነገ ጠዋት አጥፋው፣ ወንበር ላይ ውጣና ክንፉን በነጭ እርጥብ ጨርቅ ጥረገው። የድሬን አቧራ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ደረቅ ነው፣ ይራገፋል። ጨርቁ ላይ የምታገኘው ግን ቡናማ፣ ሙጫ የመሰለ፣ ጣት ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው። አሽትተው። ከኩሽናው የራቀውን ማራገቢያ ምረጥ፤ አለዚያ «የዘይት ነው» ትለኛለህ። ያ ነገር ክንፉ ላይ ከመለጠፉ በፊት ሲዞር የነበረው በሰው ሳንባ መካከል ነው።

ኤሲውስ? ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ ከውጭ አየር አያስገባም። የክፍሉን አየር ይስባል፣ ያቀዘቅዛል፣ መልሶ ይተፋዋል። ጭሱን ቀዝቃዛ ጭስ ያደርግልሃል። ባሰ ሲልም ኤሲ የገባበት ቤት በርና መስኮቱን ይዘጋል። ድሬ ላይ እስከዛሬ ያዳነን ነገር ቢኖር በሩ ወለል ብሎ መከፈቱ ነው። ያንን በገዛ ገንዘብህ ታጣዋለህ።

«ወደ ውጭ የሚያወጣ ትልቅ ማራገቢያ ቢሆንስ?» ማለትህ አይቀርም። ይቀንሳል፤ አያስወግድም። የአሜሪካ መንግሥት ዋና የሕዝብ ጤና ሹም በ2006 ባወጣው ትልቅ ሪፖርት አጫሹን መለየትም፣ አየሩን ማጣራትም፣ ማንሸራሸርም የማያጨሰውን ሰው እንደማያድን ጽፏል። ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም የሚለው ቃልም የዚያው ሪፖርት ነው። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን ሌላ ነው። የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማንሸራሸሪያ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አሽሬ የሚባለው፣ በ2005 ተመሳሳይ አቋም ይዟል፤ ብቸኛው መፍትሔ ቤት ውስጥ አለማጨስ ነው ብሏል። ማሽኑን የሚነድፉት ሰዎች «ማሽናችን ይህን አይሠራም» ሲሉህ ከዚያ ወዲያ ምን ትላለህ?

ደግሞ መብራት ይጠፋል። መብራት በጠፋ ቁጥር የመስታወቱ ክፍል ጭስ የታጨቀበት ሳጥን ይሆናል፤ ጄኔሬተሩን መጀመሪያ የምታሠራው ለፍሪጁ እንጂ ለማራገቢያው አይደለም።

ከሁሉም በላይ በሩን አስበው። መስታወቱ ውስጥ የተቀመጡት ቢራ ያዛሉ። አስተናጋጇ ትሪ ይዛ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ትገባለች። ጠርሙስ ትሰበስባለች፣ መተርኮሻ ትቀይራለች፣ ሒሳብ ታመጣለች። በገባችና በወጣች ቁጥር ጭሱ አብሯት ወደ ሳሎኑ ይወጣል። እሷ ግን ክፍት ሳሎን ውስጥ ትተነፍሰው ከነበረው የከፋውን፣ የታመቀውን ነው የምትተነፍሰው። ደንበኛን ከደንበኛ ለየህ እንበል። ሠራተኛህን ከማን ለየሃት?

ይህን መንገድ የሞከሩ አገሮች አሉ። የስፔን ታሪክ ላንተ የተጻፈ ይመስላል። በ2006 ሥራ ላይ የዋለው ሕጋቸው ከ100 ካሬ ሜትር በታች የሆነ ባር «ይጨስ፣ አይጨስ» የሚለውን ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደ። ትልልቆቹ የተለየ ክፍል እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ትንንሾቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም «ይጨስ» አሉ። ትልልቆቹ ገንዘብ አፍስሰው ክፍል ለዩ። ጃንዋሪ 2011 ላይ ሙሉ ክልከላ መጣና የተሠራው ሁሉ ከንቱ ቀረ። ባለቤቶቹ «ትናንት አሠርታችሁ ዛሬ አፍርሱ ትሉናላችሁ?» ብለው ጮኹ፤ እውነታቸውን ነበር። ኔዘርላንድስም በ2008 ሲከለክል የማጨሻ ክፍል ፈቅዶ ነበር፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ እስከ ከፍተኛው ችሎት ደርሶ በ2019 ክፍሎቹ ሕገወጥ ናቸው ተባለ። እነሱ ቢያንስ ሲሠሩ ፈቃድ ነበራቸው። አንተ ያለ ፈቃድ ልትሠራ ነው።

ወደ ገበያው እንምጣ። ስጋትህን አላናንቅም። ካሊፎርኒያ በ1998 ባሮቿን በክልከላው ውስጥ ስታካትት፣ ኒውዮርክ ከተማ በ2003፣ አየርላንድ በማርች 2004 በአገር ደረጃ ከሁሉም ቀድማ የሥራ ቦታን ሁሉ መጠጥ ቤትን ጨምራ ስትከለክል፣ ባለቤቶቹ ያሉት አንተ ያልከውን ነው። አለቀልን አሉ። ኒውዮርክ ከዓመት በኋላ ከሬስቶራንትና ከባር የሰበሰበችው ግብር በ8.7 በመቶ ጨምሯል ብላ በኩራት አወጀች። እኔ ግን ይህን ቁጥር እንዳለ አልውጠውም። ከዚያ በፊት የነበረው ጊዜ ከ2001 ጥቃት በኋላ የከተማው ገበያ የተኛበት ነበር። ጭማሪው ሁሉ በክልከላው መጣ ማለት ራስን ማታለል ነው። ማለት የሚቻለው ገበያው አልሞተም ነው፤ ላንተ ደግሞ የሚያስፈልግህ እሱ ነው።

እስከዚያ ጊዜ የታተሙትን የገበያ ጥናቶች ሰብስቦ ያየ አንድ ግምገማ በ2003 ወጥቶ ነበር። ግብርና የሥራ ቅጥርን የመሰለ ትክክለኛ መረጃ ይዘው፣ ከክልከላው በፊትና በኋላ አነጻጽረው የተሠሩት ጥሩዎቹ ጥናቶች ያገኙት «ለውጥ የለም» ወይም «ትንሽ ተሻሽሏል» ነው። «ከሰርን» የሚሉት በአብዛኛው የባለቤቶችን ግምት ጠይቀው የተሠሩ፣ ከጀርባቸውም የትምባሆ ኩባንያዎች ገንዘብ ያለባቸው ሆነው ተገኙ።

ሁሉም ቤት እኩል ተረፈ ግን አልልህም። እንግሊዝ በጁላይ 2007 ከከለከለች በኋላ ብዙ መጠጥ ቤቶች ተዘግተዋል። አንዱ «ክልከላው ነው» ይላል፤ ሌላው የ2008ን የገንዘብ ቀውስ፣ የቢራ ታክስንና የሱፐርማርኬት ርካሽ ቢራን ይጠራል። እኔ ከሁሉም ድርሻ አለ ባይ ነኝ። ምግብ የሌለው፣ ግቢ የሌለው፣ በጥቂት ቋሚ ጠጪዎች ላይ የቆመ ጠባብ ቤት ይንገዳገዳል። አንተ ግን ኩሽናም ግቢም አለህ።

ደግሞ የሚመጣውን እንጂ የማይመጣውን ደንበኛ አታየውም። በ2016 በአገር ደረጃ የተደረገው ጥናት ትምባሆ የሚጠቀም አዋቂ 5 በመቶ ነው ይላል፤ ወንዱ 8.1፣ ሴቷ 1.8። ጫቱ አለና ድሬና ሐረር ከዚህ ከፍ ቢሉ አይገርመኝም። ቢሆንም ማታ ማታ ያንተ ቤት ግማሽ በግማሽ አጫሽ ከሆነ፣ ያ የድሬ ሰው ናሙና አይደለም። ጭሱ ራሱ መርጦ ያስቀረልህ ነው። ልጅ ይዞ ጥብስ ሊበላ የሚፈልገው ሰው አንዴ መጥቶ፣ ሚስቱ ዓይኗን እያሸች፣ ልጁ እየሳለ ወጥቷል። «ለምን ቀረህ?» ብለህ አልጠየቅከውም፤ እሱም አልነገረህም። እንዲያውም በዚያው ጥናት ባር ወይም ናይት ክለብ ከገቡት 10 ሰዎች 6ቱ ገደማ ጭስ ውስጥ መቀመጣቸውን ተናግረዋል። ጭስ የሌለበት ቤት ማግኘት ብርቅ በሆነበት ከተማ አንዱ አንተ ብትሆን መጥፎ ንግድ አይመስለኝም።

«ባሩ የኔ፣ ሲጋራው የሱ» የሚለው የክርክሩ ጠንካራ ጎን ነው። አዋቂ ሰው ራሱን የመጉዳት መብት አለው፤ ሕጉም ማጨስን አልከለከለም። ሲጋራ ዛሬም በሕግ ይሸጣል። ነገሩ በሁለት ደንበኞች መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ «ያልተመቸው ሌላ ቤት ይሂድ» ባልን ነበር። እኔም ሳልከራከር እቀበልህ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ሰው አለ። አስተናጋጇ አለች። ባንኮኒ ላይ ያለው ልጅ፣ ካሸሯ፣ ዲጄው። ደንበኛህ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል። እሷ ከቀኑ 10 ሰዓት ገብታ እስከ እኩለ ሌሊት እዚያው ናት፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። «ካልተስማማት ሥራውን ትልቀቅ» የሚሉ አሉ። የት ትሂድ? ከሐረርጌ ገጠር መጥታ፣ ቤት በጋራ ተከራይታ፣ ደመወዟ እዚህ ግባ የማይባል፣ የምትኖረው በቲፕ ነው። ቲፑን የሚሰጣት ደግሞ ያ የሚያጨሰው ጠረጴዛ ነው። ጭሱን ፊቷ ላይ ቢተፋባት እንኳ ፈገግ ማለት አለባት። ሌላ ባር ብትሄድ ያው ጭስ ይጠብቃታል። ይህን ምርጫ ብዬ ልጠራው አልችልም። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ ጭሱ ሕፃኑን ክብደቱ ዝቅ ብሎ እንዲወለድ ያደርገዋል፤ እሱን ማን ጠየቀው?

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የካሊፎርኒያ ክልከላ ከመጀመሩ በፊትና ከጀመረ በኋላ 53 ባርማኖችን የመረመሩ ሐኪሞች ነበሩ። መጀመሪያ 39ኙ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር፣ አክታና የመሳሰለው ነበረባቸው። ክልከላው ከመጣ ከሳምንታት በኋላ ሲታዩ ከ39ኙ 23ቱን ለቋቸዋል። ሳንባቸውም የተሻለ ይተነፍስ ነበር። ከባርማኖቹ የሚያጨሱም ነበሩበት፤ ሲጋራ ያላቆሙት እንኳ የቤቱ ጭስ ሲቀንስላቸው ተሻላቸው። የረጅም ጊዜው ደግሞ ልብ ነው። የሌላ ሰው ጭስ ውስጥ የሚኖር የማያጨስ ሰው በልብ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ ከፍ ይላል።

ከክልከላ ደጋፊዎች በኩልም የሚጋነን አለ፤ እሱንም ልንገርህ። ሄለና በምትባል ትንሽ የአሜሪካ ከተማ በ2002 ለ6 ወር ሲከለከል በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሆስፒታል የሚገቡ ሕሙማን በ40 በመቶ ቀነሱ ተብሎ ዓለም ሁሉ ተቀባበለው። ከተማዋ ትንሽ፣ የሕሙማኑም ቁጥር ትንሽ ነበር። በኋላ በሰፊው ሲጠና ቅነሳው አለ፤ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የሆነ ሰው 40 በመቶውን እየጠቀሰ ቢከራከርህ «ቀስ በል» በለው።

አሁን የምሥራቁ ጣጣ። ሌላው ዓለም ስለ ባር ሲከራከር በርጫን፣ ተሰብስቦ ጫት መቃምን፣ አያውቅም። እዚህ ሲጋራው የሚጀምረው ከምሳ በኋላ ነው። ጠዋት አንድም የማያጨስ ሰው ጫት ሲይዝ ሲጋራ ያምረዋል፤ ምርቃናውና ሲጋራው አብረው ይሄዳሉ። ማታ ደግሞ ጨብሲ ፍለጋ፣ ምርቃናውን በመጠጥ ሊሰብር፣ አንተ ጋ ይመጣል። ማለትም ደንበኛህ በሩ ላይ የሚደርሰው ከሰዓት ሙሉ ሲያጨስ ውሎ፣ ፓኬቱ ኪሱ ውስጥ፣ እጁ ለምዶ ነው። አንተ የመጨረሻው ጣቢያ ነህ። ለዚህ ነው ድሬ ላይ ባርን ብቻ መቆጣጠር ግማሽ ሥራ የሚሆነው።

መቃሚያ ቤቱን በተመለከተ ቅሬታህ ትክክል ነው። እዚያም ሕዝብ ይገለገላል፣ ውሃና ሻይ የሚያቀርብ ልጅ አለ። መስኮቱ የተዘጋ፣ መጋረጃ የተጋረደ፣ ፍራሽ የተነጠፈበት ክፍል ነው፤ ጭሱ ካንተ ቤት ይብሳል። ሺሻ ካለበት ከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። ሕጉ እነሱንም እንዳንተው ነው የሚመለከተው። የለየው አፈጻጸሙ ነው። ታፔላና መብራት ያለው ቤት ይታያል፣ ንግድ ፈቃድ ስላለው ይፈራል፣ ስለዚህ እሱ ላይ መሄድ ይቀላል። ግሪክም ሕጉን በ2010 አውጥታ ለዓመታት እንዳልወጣ ቆጥራው ነበር፤ እስከ 2019 ድረስ ያከበረው ባለቤት ካላከበረው ጎረቤቱ ጋር እየተወዳደረ ተቃጠለ። ስለዚህ ጩህ። ብቻህን ግን አይደለም፤ የከዚራ ባለባሮች ሆናችሁ በጽሑፍ አቅርቡ። «እኛን ተዉን» ብላችሁ ሳይሆን «ሁሉንም አንድ ላይ» ብላችሁ ከሄዳችሁ ጆሮ የምታገኙ ይመስለኛል።

10 ሜትሩ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከዚራ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ግቢ አለው፤ ፈረንሳዮቹ ለባቡሩ ሲሉ በፕላን የቀየሱት ሰፈር ነው። ቢሆንም ከበርህ 10 ሜትር ብትለካ አስፋልቱ መሃል ባጃጅ ፊት ልትቆም ትችላለህ። ሐረር ደግሞ ሌላ ነው። ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ስለሆነ ማታ ይበርዳል፤ በርና መስኮት ይዘጋል፤ እዚያ አንድ ሲጋራ ቤቱን ለመሙላት ይበቃዋል። ጀጎል ውስጥ ከሆነ መተላለፊያው ጠባብ ነው። ከአንዱ በር 10 ሜትር ስትርቅ የሌላው በር ላይ ትደርሳለህ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ጀጎልን ያሰቡ አይመስለኝም። ቤት ውስጥ የሚለው ክልከላ ላይ አንድም ፊደል እንዲነካ አልፈልግም፤ የ10 ሜትሩን ጉዳይ ግን ከተማዎቹ ከየሰፈሩ አሠራር ጋር አስማምተው ቦታ ቢያመለክቱ ጥሩ ነበር።

ያንተ ግቢ ሰፊ ስለሆነ ዕድለኛ ነህ። ሜትር ይዘህ ከበሩ፣ ከመስኮቶቹና ከኩሽናው መተንፈሻ ለካ። ከሸራው ውጭ፣ ሰማይ የሚታይበት፣ 10 ሜትር የሚሞላ ጥግ ካገኘህ እዚያ አሸዋ የሞላ ቆርቆሮ አስቀምጥ። ከአጥርህ ወዲያ የጎረቤት መስኮት ካለ አይሆንም። ወንበር ብዙ አታድርግበት። መጠጥም እዚያ አታቅርብ። ካቀረብክ አስተናጋጇን መልሰህ ጭሱ ውስጥ ከተትካት። ቆሞ አጭሶ ይመለስ፤ ቢራው ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል።

ከማስታወቂያው በፊት መተርኮሻውን አንሳ። ጠረጴዛ ላይ መተርኮሻ ያየ ሰው ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አያነብም። መተርኮሻ ካጣ ደግሞ ሳይነገረው «የት ነው የሚጨሰው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በሩ ላይ፣ ባንኮኒው ላይና ሜኑው ላይ ጻፍ። የምትጀምረው ገበያ ቀዝቀዝ በሚልበት ቀን ይሁን፤ ቅዳሜ ማታ አትሞክረው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንተ ራስህ ቤቱ ውስጥ ሁን። አስተናጋጇ ብቻዋን የሞቀውን ሰው «አጥፋ» እንድትል አታድርጋት፤ በቲፕ የምትኖር ልጅ ነገሩን ታልፈዋለች፣ አይፈረድባትም። አንተ ቀርበህ «ወንድሜ፣ እዚያ ውጭ ቦታ አዘጋጅተናል፣ ቢራህን እኔ እጠብቅልሃለሁ» ብትለው አብዛኛው ሰው ይነሳል። እምቢ የሚለው አንዱ ነው። ለእሱ መጠጥ መቅዳት አቁም፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሒሳብ ሳይከፍል የሚጠፋ ካስቸገረህ ያልታወቀ ፊት ከሆነ ቀድመህ ተቀበል።

አንድ ባለባሮች የማያነሱት ነገር አለ። ሴት ደንበኞችህ። ሴት ልጅ መንገድ ዳር ቆማ ስታጨስ የሚደርስባትን ወሬና ለከፋ ታውቀዋለህ። ቤት ውስጥ የምታጨሰው ተደብቃ ነው። ውጪ ስትላት ደንበኛነቷን ብቻ ሳይሆን ደህንነቷንም እየነካህ ነው። ስለዚህ ያ ጥግ ከመንገድ ዳር ሳይሆን ከግቢ ውስጥ ይሁን፣ መብራት ይኑረው፣ ዘበኛው የሚያየው ቦታ ይሁን። ግቢ ለሌለው ባር ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም።

ያዘጋጀኸውን ብር ለምን እንደምታውለው ከጠየቅከኝ፣ ከቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ቀንሰህ ግቢው ላይ ጨምር። ዛፍ ካለህ ከሥሩ አስቀምጥ፤ የድሬ ማታ ቤት ውስጥ አይደለም የሚጥመው። መጋረጃውን እጠበው ወይም ቀይረው፤ ሽታውን የያዘው እሱ ነው። ግድግዳውንና ጣሪያውን ቀባ፤ ከመቀባትህ በፊት በሳሙና እጠበው፣ ካልታጠበ ቢጫው በአዲሱ ቀለም ላይ መልሶ ይወጣል። ኤሲውን ለሙቀቱ ብለህ ከፈለግከው ግዛው፤ ጭስ ከወጣ በኋላ በር መዝጋት አያስፈራም።

ይህን ሁሉ አድርገህ አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ክፍል ብትለይ እኮ ይቻል ነበር» ቢልህ፣ ያለውን በጽሑፍና በማኅተም እንዲሰጥህ ጠይቀው።